አቶ ደጊቱ

እንጅባራ ውስጥ ያረጀ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ደጊቱ አድማሴን ያውቃታል። የማያውቋት ከሌላ ከተማ የሚመጡት ናቸው። እነሱ ከቆሰበር ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የቆርቆሮ ጋራዥ ይገቡና፣ ቱታ ለብሳ፣ እስከ ክርኗ ግራሶ ተለቅልቃ፣ ግማሽ አካሏ ከመኪና ሥር የገባውን ሴትዮ ተራምደው አልፈው "መካኒኩ የት ሄደ?" ብለው ይጠይቃሉ። ደጊቱም ከታች ሆና "አሁን ይመጣል" ትላቸዋለች። የጀመረችውን ቡሎን ታጠብቃለች፣ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ከዚያ "ይኸው መጣ" ትላለች።

አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ ይደነግጥና ባሏን ይፈልጋል። ባሏ እንግዳው የሚባል የሒሳብ መምህር ነው፤ ከመኪና ጋር ያለው ዝምድና ተሳፍሮ ሂሳብ በመክፈል ያበቃል። አንድ ቀን ምሳዋን በሳህን ይዞ ሲመጣ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት በር ላይ ያዘውና፣ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ማለቱን፣ ከየት ጀምሮ እንደሚንቋቋ፣ ማን ማን ነካክቶ እንዳባሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተረከለት። እንግዳው ጨዋ ሰው ነውና አላቋረጠውም። ሰውየው ሲጨርስ "መልካም፣ ለባለቤቴ እነግርልዎታለሁ" አለው።

ደጊቱ ሙያውን ያገኘችው ከአባቷ ነው። አቶ አድማሴ በአንድ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ውስጥ ሾፌር ነበሩ። ፕሮጀክቱ ድህነትን ከአካባቢው ሊያጠፋ የመጣ ነበር፤ ድህነቱ ሳይሆን በጀቱ ስለጠፋ ተዘጋ። ሰዎቹ ሲሄዱ ሦስት የሞቱ ላንድሮቨሮች ሳር ውስጥ ጥለው ሄዱ። አድማሴ ሦስቱንም በቁርጥራጭ ብረት ስም በጨረታ ወስደው፣ ሞተሩን ከአንዱ፣ ካምቢዮውን ከሌላው፣ አካሉን ከሦስተኛው አድርገው አንድ ሕያው መኪና አወጡ። አንዱ በሩ አረንጓዴ፣ ሌላው ቡና ዓይነት፣ ኮፈኑ ደግሞ ቀለም የሚባል ነገር ከነአካቴው የረሳ ነው። ዛሬም ይሄዳል። እሳቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያው መኪና በወለቀ መቀመጫ ላይ ጋራዡ በር አጠገብ ይውላሉ። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ሞተር የሚያዳምጡት በመዳፋቸው ነው። ኮፈን ላይ እጃቸውን ያሳርፉና ትንሽ ቆይተው "አንዷ ካንዴላ አትሠራም" ይላሉ። ደጊቱም ትፈታለች፤ አትሠራም።

ደጊቱ የምትወደው ሥራ ማሻሻል ነው። በእሷ ቤት ማሻሻል ማለት አርባ ዓመት የሞላው በአራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከሚከሰልበት ተዳፋት ከሰል ጭኖ፣ ድንች ከሚመረትበት ጭቃ ድንች ጭኖ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ጭነት ከበደው? ከሥር አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ ትደረድርለታለች። ወንዝ ያቋርጣል? አየር የሚስብበትን ቱቦ ወደ ላይ ትስብለታለች። ያማረ መኪና ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። መንገድ ላይ የቀረም ብዙ የለም።

ነገሩ እንዲህ ባለበት ጊዜ ነው መሳፍንት የመጣው።

መሳፍንት ባሕር ዳር የሚኖር፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ እንግዶችን ተራራና ሐይቅ እያሳየ የሚያዝናና ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው። ድርጅቱ ለጊዜው አርማና የፌስቡክ ገጽ ነበረው። ከአጎቱ የወረሰው አጭር፣ ባለ ሁለት በር ላንድክሩዘርም አለው፤ መኪናው በዕድሜ ይበልጠዋል። የመጣ ዕለት ስምንት ኪስ ያለው ሱሪ ለብሷል። ከስምንቱ ኪሶች ባንዱም ፒንሳ የሚባል ነገር አልነበረም።

"ስሚ እህቴ፣ ኦፍ ሮድ ታውቂያለሽ?" አላት።

ደጊቱ ዞር ብላ ወደ ውጭ አየች። ከጋራዡ በር ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ጭቃ ነው።

"እንግዲህ እዚሁ ነው የምንኖረው" አለችው።

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። በሆነ የሰው አገር በረሃ ላይ አንድ ሰማይ ጠቀስ መኪና ቆሟል። ጎማው ወገብ ይደርሳል፤ ጣሪያው ላይ እንደ ስታዲየም የተደረደረ መብራት አለ፤ ፊቱ ላይ የመጎተቻ ሽቦ ተጠምጥሟል።

"እንዲህ አድርጊልኝ።"

"ወዴት ሊሄዱበት ነው?"

"ወዴት ማለት?"

"ጭቃ ነው? ድንጋይ ነው? ወንዝ ነው?"

"ሁሉም" አለ መሳፍንት። ትንሽ አሰበና "ዋናው ግን ከፊት ሲታይ ነው" ብሎ ጨመረ።

ደጊቱ ከመኪናው ሥር ገባችና ይምጡ ይመልከቱ አለችው። ሱሪው ውድ ስለሆነ አንድ ጣት ያህል ጎንበስ አለላት። እሷ ግን እንዳየ ቆጥራ አስረዳችው። "ይቺን የጎማ ቱቦ አዩ? የፍሬኑን ዘይት ወደ ግራው የኋላ ጎማ የምታደርሰው እሷ ናት። መኪናውን አንድ ስንዝር ካነሱት እሷም አንድ ስንዝር መርዘም አለባት። አለዚያ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ትበጠሳለች። መሪውም እንደዚሁ፣ ጉልበት የሚያስተላልፈው ዘንግም እንደዚሁ። አብረው ካልተቀየሩ ማንሳቱ ለፎቶ ነው።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ሦስት ወር።"

መሳፍንት ሳቀ። "እኔ ለመስከረም መጨረሻ እንግዳ ጠርቻለሁ።"

"እንግዲያው ሳያነሱት ይሂዱበት። እንዲህ እንዳለ ጥርባ ሐይቅ ድረስ ወርዶ ይወጣል።"

"ልክ እንደዚያኛው?" አለና ወደ አድማሴ ላንድሮቨር በአገጩ አመለከተ። "ለመሆኑ የትኛው ነው መኪናው? በሩ ነው ወይስ ኮፈኑ?"

አቶ አድማሴ ምን እንደተባለ ባይሰሙም ሰው ወደ መኪናቸው አይቶ ሲስቅ የተመሰገኑ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና እጅ ነሡ።

መሳፍንት መኪናውን ይዞ ሄደ። በሌላ ከተማ የሰው ፍላጎት የሚገባቸው ባለሙያዎች አገኘ። በአምስት ቀን ጨረሱለት። ያኔውኑ ለደጊቱ ፎቶ ላከላት፤ ከሥሩ "አምስት ቀን!!!" የሚል ጽሑፍ አለው። መኪናው እውነትም አምሯል። ደጊቱ ስልኩን ለአባቷ አሳየቻቸው። አቶ አድማሴ አጠገባቸው አድርገው ብዙ ተመለከቱና "ፍሬኑስ?" አሉ።

"ፎቶው ላይ አይታይም አባዬ" አለቻቸው በጩኸት።

በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት መሳፍንት እንግዶቹን ይዞ መጣ። ሦስት መኪና ሙሉ ሰው፣ ሦስት ካሜራና አንድ የምትበር ካሜራ ጭምር ነበሩ። የጉዞው መሪ ራሱ፣ ከፊት የሚሄደውም የእሱ መኪና። ወደ ጥርባ የሚወስደው የአፈር መንገድ ክረምቱን ሲጠጣ ከርሞ ገና አልደረቀም። ቁልቁለቱ ላይ የግራው የኋላ ጎማ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ አለ። ከሥር ጠብ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሙዚቃው ስለሚጮህ ግን ማንም አልሰማውም። መሳፍንት ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ውሃ እንደረገጠ ሰምጦ ወለሉን ነካ። የእጅ ፍሬኑን ለመሳብ እጁን ሰደደ። የእጅ ፍሬኑ የለም። ባለሙያዎቹ ቦታውን ለሙዚቃ ሳጥን ሰጥተውታል።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በዚያች ቅጽበት መሳፍንት ያደረገው ትክክል ነበር። በስተቀኝ የዲከረንስ ዛፍ፣ በስተግራ የድንች ማሳ ነበር፤ መሪውን ወደ ድንቹ ጠመዘዘ። መኪናው እየዘለለ ገባና ለስላሳው አፈር ዋጠው። እስከ ሆዱ ሰምጦ ቆመ። ከአራቱ ተሳፋሪዎች የአንድም ሰው ጥፍር አልተነካም። ሙዚቃው ብቻ መጮኹን ቀጠለ።

እንግዲህ የመጎተቻው ሽቦ የሚሠራበት ሰዓት ይሄ ነበር። መሳፍንት ሽቦውን ጎትቶ ዳር ላይ ካለ አንድ ዲከረንስ ጋር አሰረና ቁልፉን ተጫነ። ሽቦው ተወጠረ፣ ሞተሩ አጓራ፣ ዛፉ ከነሥሩ ተነቅሎ እየተጎተተ መጥቶ ኮፈኑ ላይ ተኛ። የምትበረው ካሜራ ሁሉንም ከላይ ቀረጸች። ሌሎቹ ሁለት ሾፌሮች ግቡና ጎትቱን ሲባሉ ጎማቸውን አዩ፣ ማሳውን አዩ፣ ከዚያ አንደኛው "ስልክ ብንደውል ይሻላል" የሚል ጥበብ የተሞላ ሐሳብ አመጣ።

ኔትወርክ የተገኘው ጣሪያው ላይ፣ መብራቶቹ መካከል ሲቆም ነው። መሳፍንት እዚያ ላይ ወጥቶ ደወለ።

"እትዬ ደጊቱ…" አላት። እትዬ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ሰው ተጎድቷል?"

"ኧረ የለም፣ እኛ ደህና ነን።"

"እንግዲያው መጣሁ።"

አቶ አድማሴ ነገሩን ሲሰሙ ካልነዳሁ አሉ። "አንቺ ተናደሻል፤ የተናደደ ሰው መሪ አይዝም" አሏት። ደጊቱ ቁልፉን ሰጠቻቸው። የተናደደችው ግን በመሳፍንት አልነበረም። ቱቦዋ እንደምትበጠስ ታውቅ ነበር፤ እያወቀች ሰውየውን ከነመኪናው ወደ በር ሸኝታዋለች። አራት ሰው ዛፉ ላይ ተለጥፎ ቢሆንስ? መንገዱን ሙሉ የዕቃ ሳጥኗን ጭኗ ላይ አቅፋ ሄደች።

ሲደርሱ የማሳው ባለቤት ቢሻው ዶማውን ተደግፎ መኪናው ፊት ቆሟል። ደጊቱን ሲያይ በአዊኛ ሰላምታ ጀመረ። ቤተሰብ፣ ከብት፣ ክረምቱ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተጠየቀ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረና ሁለቱም ፍርስ ብለው ሳቁ።

"ምን አለ?" አለ መሳፍንት ጭንቅ ብሎት።

"ድንቹ ሳይነሣ መኪናው አይነሣም ነው የሚለው።"

"እንዴት?"

"የቆማችሁት ድንቹ ላይ ነው። ጎትተን ስናወጣው ይጨፈለቃል። መጀመሪያ ይቆፈራል።"

ስለዚህ ከባሕር ዳር ተራራ ሊያዩ የመጡት እንግዶች ካሜራቸውን አስቀምጠው በእጃቸው ድንች ቆፈሩ። ቢሻው ቆሞ አስተማራቸው፤ አንዷን የተሰበረች ድንች አንስቶ ለሁሉም እየዞረ አሳየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጎማዎቹ ዙሪያ ያለው ተለቅሞ አለቀ። አንዲት እንግዳ ጉዞው ውስጥ ከገቡት ዝግጅቶች ሁሉ ይሄኛው ደስ አለኝ ብላ ለመሳፍንት ነገረችው፤ ዝግጅት መስሏታል።

ደጊቱ ጭቃው ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ ከሥር ገባች። የተበጠሰችውን ቱቦ አገኘቻት። ከተበጠሰችበት ከፍ ብላ አጥፋ በፒንሳ ጨምድዳ በሽቦ አሰረቻት፤ የዚያ ጎማ ፍሬን ይቀራል፣ የሦስቱ ግን ይሠራል። ዘይት ከሞላች በኋላ አየሩን ለማስወጣት ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው አስፈለጋት።

"ግባና ርገጥ! በል! ያዘው! ልቀቅ! አትልቀቅ ስልህ አትልቀቅ!"

እርስዎ ማለቷ የት እንደጠፋ አልታወቀም፤ ጭቃው ውስጥ ሳይቀር አልቀረም። መሳፍንትም በበኩሉ "እሺ እትዬ፣ ረግጫለሁ፣ ልቀቅ ይበሉኝ" ማለት ጀምሯል።

አቶ አድማሴ በሦስት ቀለሙ ላንድሮቨር ከላይ፣ ጠንከር ያለው የመንገዱ ክፍል ላይ ቆሙ። ሽቦው ተያያዘ። ጩኸት ስለማይሰሙ ደጊቱ ከላንድክሩዘሩ መስኮት እጇን አውጥታ ምልክት ሰጠቻቸው፤ ሽማግሌው ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብተው፣ ነዳጅ ሳያባክኑ፣ ሰው ቀስ ብሎ በር እንደሚከፍት እየተሳቡ ወጡ። ላንድክሩዘሩ ከአፈሩ እየተላቀቀ ተከተላቸው። ከዚያ ደጊቱ፣ መንገዱ እዚያ ለማዞር ስለማይበቃ፣ ማንንም ሳታሳፍር በሦስት ጎማ ፍሬን ቁልቁለቱን ጨርሳ፣ ሜዳው ላይ አዙራ፣ አቀበቱን መልሳ አወጣችው።

አናቱ ላይ ሞተሩን አጠፋች። እጇ ግን መሪውን አለቀቀም። አባቷ በሩን ከፈቱና መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ።

"ፈርተሻል?"

"ትንሽ።"

መዳፋቸውን ሳያነሡ ትንሽ ቆዩ። "ትንሽ አይደለም" አሉ።

በሳምንቱ ቪዲዮው በመሳፍንት ድርጅት ገጽ ላይ ወጣ። ባሏ እንግዳው ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ ስልኩን ሰጣት። ማሳው አለ፣ ዛፉ ኮፈን ላይ ሲተኛ አለ፣ እሷም ከጭቃ ስትወጣ በደንብ ትታያለች። ከሥሯ "የአካባቢው አርሶ አደር እናት ለእንግዶቻችን ድንች ሲያበረክቱ" ይላል። ደጊቱ ሁለት ጊዜ አየችው። "ድንቹ እንኳ የቢሻው ነው" አለች።

ቪዲዮውን ያዩት ግን ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው አስተያየት መስጫው ሥር ስሟን ጻፈ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ደረሳት። "ለአቶ ደጊቱ አድማሴ" ይላል። አቶ ደጊቱ ሴቶችን ወደ ቴክኒክ ሙያ ማምጣት ስለሚቻልበት ሁኔታ ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ በክብር ተጋብዘዋል። እንግዳው በሳቅ መተንፈስ አቃተው። ደጊቱ ቀሚሷን ለብሳ በሰዓቱ ሄደች። በር ላይ ያለችው ልጅ ስም ዝርዝሩን አየችና "አቶ ደጊቱ ገና አልመጡም፤ ተወካይ ነሽ?" አለቻት።

"አዎ" አለች ደጊቱ፤ በተወካይነት ፈርማ ገባች። ስድስት ወንዶች ሴቶች ለምን ወደ ሙያው እንደማይመጡ ተራ በተራ አብራሩ። የአቶ ደጊቱ ተራ ሲደርስ ባለመገኘታቸው ታለፈ። ምሳው ጥሩ ነበር።

መሳፍንት ደግሞ በዚያው ሰሞን መኪናውን ራሱ እየነዳ፣ በእርጋታ፣ በሦስት ጎማ ፍሬን መጣ። ቪዲዮው ላይ የጻፈው የድርጅቱ ልጅ ስላላወቀ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀና ቁልፉን ዘረጋላት። "እንደፈለጉ ያድርጉት" አለ። "ሦስት ወር ብለውኝ ነበር።"

"አራት" አለችው። "አንዱ ወር ባለሙያዎቹ በአምስት ቀን የሠሩትን ለማፍረስ ነው።"

መጀመሪያ ዳንግላ ሄደች፤ እዚያ ሸዕባን የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ አለ። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ የት እንዳለ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ሁሉም በሸዕባን ጭንቅላት ውስጥ ነው። ደጊቱ የቱቦዋን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሸዕባን እያገላበጠ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይህን የጠየቀኝ የመጨረሻው ሰው ሞተ።"

"በፍሬን?"

"በእርጅና" አለና መሰላል ላይ ወጣ። ከአንድ ካርቶን ውስጥ ረዥሙን አውጥቶ ሰጣት።

መኪናውን አራት ጣት ዝቅ አደረገችው። ሰፋፊዎቹን ጎማዎች ጭቃ በሚቆርጡ ቀጫጭኖች ቀየረች። መሪውን፣ ዘንጉን፣ ቱቦዎቹን ከከፍታው ጋር አስማማች። ከጣሪያው መብራት ሁለት አስቀርታ የቀረውን አወረደች፤ የሙዚቃውን ሳጥን ነቅላ የእጅ ፍሬኑን ወደ ቤቱ መለሰችው። መኪናው ማማሩ ቀርቶ መኪና መሰለ።

ሊወስደው የመጣ ቀን ነጭ ጫማ አድርጓል። ደጊቱ ቁልፉን አልሰጠችውም። አንድ ጆንያ መሬት ላይ አነጠፈችና "ግባ" አለችው።

"የት?"

"ከሥር። እያንዳንዱን ቱቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ ትነግረኛለህ።"

በመጀመሪያው ሙከራ ነዳጁን ከፍሬኑ ጋር አምታታ። ወጥቶ ሻይ ጠጣና ተመልሶ ገባ። ከሰዓት በኋላ ላይ አቶ አድማሴ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ መልሱን ባይሰሙትም፣ ጎንበስ ብለው የሚነካውን ቱቦ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳይሳሳት ጠራ። ነጩ ጫማ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ለመናገር ያስቸግራል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ጠዋት ደወለላት። ከዳንግላ ወዲያ የሆነ ቦታ ነበር፤ ድምፁ በደስታ ይቆራረጣል፣ ኔትወርኩም ያግዘዋል።

"እትዬ! ጭቃ ይዞኝ ነበር! ግማሽ ሰዓት ስፍጨረጨር ለካ የፊት ጎማዎቹ አይጎትቱም!"

"መሃላቸው ላይ ያለችውን መቆለፊያ አላዞርካትማ።"

"አላዞርኳትም! በኋላ ትዝ አለኝ፤ ወርጄ ሁለቱንም በእጄ አዞርኩና ማንም ሳይጎትተኝ ወጣሁ!"

ደጊቱ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ከአንድ ባሌስትራ ጋር በመፍቻ እየታገለች ነበር። ፈገግ አለች፤ እሱ ግን ይሄን አላየም።

"ጎበዝ። በል አሁን ጭቃው ሳይደርቅ ፍሬኖቹን እጠባቸው።"

"አሁን? እዚህ?"

"እዚያ ወንዝ የለም?"

"አለ።"

"እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?" አለችና መፍቻውን በሁለት እጇ ልትይዝ ስልኩን ዘጋችው።